የፍራፍሬ ዛፍ ሳይንስ፦ ለተማሪዎች ክፍት የሆኑ የምርምር መስኮችና የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ጤፍ ወይም ስንዴ የዘራ አርሶ አደር የመረጠው ዝርያ ለመሬቱ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን በጥቂት ወራት ውስጥ ያውቀዋል። ምርጫው ካልሰመረለትም በቀጣዩ የምርት ዘመን ሌላ ዘር ይሞክራል። አቮካዶ ወይም ማንጎ ከፍሬው ዘር አብቅሎ የተከለ አርሶ አደር ግን የችግኙን ማንነት የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ዛፉ የመጀመሪያውን ፍሬ ሲሰጥ ነው። ፍሬው ያነሰ፣ ቃጫ የበዛበት ወይም ገበያ የማይፈልገው ሆኖ ከተገኘ የባከነው የአንድ ወቅት ድካም ብቻ ሳይሆን የዓመታት መሬት፣ ውኃና ጉልበት ነው።

በመሆኑም በፍራፍሬ ልማት ዘርፍ ከተከላ በፊት የሚገኝ ትክክለኛ መረጃ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ይህን መረጃ ማመንጨት ከሚችሉት ወገኖች መካከል የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች ይገኙበታል። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚያካሂዱት ጥናት በአግባቡ ከተመራ ለአርሶ አደሩ፣ ለችግኝ ጣቢያዎችና ለግብርና መሥሪያ ቤቶች ቀጥተኛ ጥቅም ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ በሀገራችን በፍራፍሬ ዛፍ ሳይንስ ለተማሪዎች ክፍት የሆኑ የምርምር መስኮችን፣ ወደ ምርምሩ የሚገባባቸውን መንገዶችና ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀውን ትብብር በአጭሩ ይዳስሳል።

የዘርፉ ምንነት

በውጭው ዓለም ፖሞሎጂ በመባል የሚታወቀው የፍራፍሬ ዛፍ ሳይንስ የሆርቲካልቸር አንዱ ቅርንጫፍ ነው። የዝርያ መረጣን፣ የችግኝ ማባዛትን፣ የአበባና የርክበ ብናኝን ሂደት፣ የአፈርና የውኃ አያያዝን፣ ግረዛን፣ የተባይና የበሽታ መከላከልን፣ የአሰባሰብና የድህረ ምርት አያያዝን ያካትታል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ዘርፉ ለሆርቲካልቸር ተማሪዎች ብቻ የተተወ አይደለም። የአፈር ሳይንስ፣ የነፍሳት ጥናት፣ የምግብ ሳይንስ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስና የስታትስቲክስ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ የማንጎ ማሳ ውስጥ ለየሙያቸው የሚሆን ጥያቄ ያገኛሉ።

የዛፉ ዕድሜና የተማሪው ጊዜ

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ትምህርት ያልፋል። ለመስክ ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ከአንድ የአበባና የፍሬ ወቅት ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዛፍ ተክሎ ፍሬውን መመዘን አይቻልም። ይሁንና የጊዜውን እጥረት አቻችሎ ጠቃሚ ውጤት የሚያስገኙ አራት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቀድሞ በተተከሉና ፍሬ በሚሰጡ ዛፎች ላይ መሥራት ነው። የግረዛ፣ የማዳበሪያ፣ የመስኖ፣ የተባይ ቁጥጥርና የአበባ ጥናቶች በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሁለተኛው በችግኝ ጣቢያ ደረጃ የሚካሄድ ጥናት ሲሆን የዘር አበቃቀልን፣ የችግኝ ማፍያ አፈር ቅልቅልንና በተለምዶ «ማዳቀል» የሚባለውን የግራፍቲንግ ሥራ ይመለከታል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ውጤት በወራት ውስጥ ይታወቃል። ሦስተኛው ከፍሬ ለቀማ በኋላ ያለውን ሂደት፣ ማለትም ብስለትን፣ ማከማቻን፣ ማጓጓዝንና ብክነትን የሚመለከት ነው። አራተኛው ደግሞ በአርሶ አደሩ ጓሮ ያሉ ዛፎችን የመመዝገብና የማወዳደር ጥናት ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ በርካታ ተማሪዎች በተከታታይ ዓመታት በአንድ ማሳ ላይ የሚሠሩበት አሠራር ልዩ ጥቅም አለው። አንዱ ተማሪ የጀመረውን መዝገብ ሌላው ሲቀጥለው አምስት የመመረቂያ ጽሑፎች በአንድነት የአምስት ዓመት መረጃ ይሆናሉ። በፍራፍሬ ዛፎች ዘንድ አንድ ዓመት እጅግ ብዙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ፍሬ የመስጠት ባሕርይ የተለመደ በመሆኑ የአንድ ዓመት ምርት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ በ1913 የተቋቋመው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ በዓለም ዙሪያ በአፕል ልማት የሚሠራባቸውን ሩትስቶኮች ማበርከት የቻለው ሥራው ለአሥርተ ዓመታት ሳይቋረጥ በመካሄዱ ነው።

ለጥናት ክፍት የሆኑ ጥያቄዎች

አቮካዶ፦ አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ በ1938 በሐረርጌ ሂርና አካባቢ መሆኑ በጽሑፎች ተመልክቷል። ዛሬ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች በስፋት ይገኛል። በአርሶ አደሩ ጓሮ ካሉት ዛፎች ብዙዎቹ ከዘር የበቀሉ ናቸው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን ስለማይመስል እያንዳንዱ ዛፍ በዘር ይዘቱ የተለየ ነው። ይህ ለገበያ ችግር ቢሆንም ለተመራማሪ ግን ሀብት ነው። በዓለም ገበያ የገነነው ሃስ የተባለው ዝርያ ራሱ በካሊፎርኒያ ከዘር ከበቀለ አንድ ዛፍ የተገኘና እ.ኤ.አ በ1935 የባለቤትነት መብት የተሰጠው ነው። ስለሆነም በየቀበሌው ያሉ ምርጥ ዛፎችን በምርታቸው፣ በፍሬያቸው መጠን፣ በዘይት ይዘታቸውና በሚደርሱበት ወር ለይቶ መመዝገብ ለተማሪ የሚመጥን፣ ለሀገርም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ሌላው የአቮካዶ ጥያቄ አበባውን ይመለከታል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በመጀመሪያ እንደ ሴቴ፣ ቀጥሎ እንደ ወንዴ። «ኤ» በተባለው ምድብ ያሉ ዝርያዎች አበባ ጠዋት በሴቴነት ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በወንዴነት ይከፈታል። የ«ቢ» ምድብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በሴቴነት፣ በማግስቱ ጠዋት በወንዴነት ይከፈታል። ሃስ ከ«ኤ» ምድብ ሲሆን ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ቤከን ከ«ቢ» ምድብ ናቸው። ሁለቱን ምድቦች አቀራርቦ መትከል ርክበ ብናኙን ያግዛል። ይሁን እንጂ ይህ የሰዓት ቅደም ተከተል በአየር ቅዝቃዜ ይዛባል። በመሆኑም በተለያየ ከፍታ ላይ አበባው በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈትና የትኞቹ ነፍሳት እንደሚጎበኙት መከታተል ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥናት ነው። ንብ በማነብ ለምትታወቅ ሀገር ደግሞ የቀፎ ቦታን ከአቮካዶ ምርት ጋር አያይዞ ማጥናት ድርብ ጥቅም አለው።

አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ ስለማይለሰልስ ለለቀማ መድረሱን በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ሳይደርስ የተለቀመ ፍሬ ይጨማደዳል፤ ጣዕምም አይኖረውም። አስተማማኙ መለኪያ በሥጋው ውስጥ ያለው የደረቅ ነገር መጠን ሲሆን በካሊፎርኒያ ለሃስ ዝርያ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 20.8 በመቶ ነው። ናሙናውን መዝኖ፣ አድርቆና ዳግም መዝኖ ይህን መጠን ማግኘት የሚቻል በመሆኑ ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ ያለው ማንኛውም ቤተ ሙከራ ሊሠራው ይችላል። በየወረዳው ፍሬው ለለቀማ የሚደርስበትን ሳምንት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና እንደ ይርጋዓለም ባሉ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች ለሚሠሩ የአቮካዶ ዘይት አምራቾች እጅግ ጠቃሚ ይሆናል።

ማንጎ፦ የማንጎ አምራች አርሶ አደሮችን ከሚፈታተኑት ተባዮች አንዱ ነጭ ስኬል የተባለው ነፍሳት ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ነፍሳቱ የቅጠሉንና የፍሬውን ፈሳሽ እየመጠጠ ዛፉን ያዳክማል፤ በፍሬው ቆዳ ላይም የገበያ ዋጋውን የሚቀንስ ነጠብጣብ ይተዋል። ረጅም ርቀት የሚጓዘው በዋነኝነት በተበከለ ችግኝና ፍሬ አማካይነት ነው። ለተማሪዎች የሚሆኑት ጥያቄዎች የነፍሳቱ ቁጥር በየትኛው ወር እንደሚጨምር፣ ግረዛ ምን ያህል እንደሚቀንሰው፣ የትኞቹ የተፈጥሮ ጠላቶች እንደሚመገቡትና የትኞቹ ዝርያዎች የተሻለ እንደሚቋቋሙት የሚመለከቱ ናቸው። ችግሩ በሚታይባቸው አካባቢዎች የሚገኙት የወለጋና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው የማንጎ ጠላት የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ከእስያ የመጣው የዝንብ ዝርያ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ በ2003 በኬንያ ነበር። በመጀመሪያ አዲስ ዝርያ ነው ተብሎ ሌላ ሳይንሳዊ ስያሜ ቢሰጠውም በተደረገው ጥናት ቀድሞ ከሚታወቀው የምሥራቃውያን የፍራፍሬ ዝንብ ጋር አንድ መሆኑ እ.ኤ.አ በ2015 ተረጋግጧል። የማንነት ጉዳይ እልባት ማግኘቱ በአንዱ ሀገር የተገኘው የመከላከያ ዕውቀት በሌላው እንዲያገለግል መንገድ ይከፍታል። ሜቲል ዩጂኖል በተባለው ማማለያ የሚሠሩ ወጥመዶችን ሰቅሎ በየሳምንቱ መቁጠር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም የማይከብድ ሥራ ነው።

አፕል፦ አፕል በጋሞ ዞን ጨንቻ አካባቢ መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት እንደሆነ ይገለጻል። ዛፉ የቀዝቃዛ ሀገር ተክል እንደመሆኑ እንቡጡ በአግባቡ እንዲነቃ በክረምት የተወሰነ የቅዝቃዜ ሰዓት ያስፈልገዋል። አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች በደጋማው የሀገራችን ክፍል የተመረጡት የሚያስፈልጋቸው የቅዝቃዜ ሰዓት አነስተኛ በመሆኑ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተከሉም አንዱ ለሌላው ብናኝ ይሰጣል። በኢንዶኔዥያ ደጋማ ቦታዎች ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጅ በማራገፍ ዛፉ አዲስ አበባ እንዲያወጣ የማድረግ ልማድ አለ። ይህን ዘዴ በጨንቻ፣ በሰሜን ሸዋና በሌሎች ደጋማ ወረዳዎች በተለያየ ጊዜ እየሞከሩ ማነጻጸር ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው።

ብርቱካንና መሰሎቹ፦ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ በስፋት ይለማ የነበረው የብርቱካን ተክል የበሽታና የዛፍ መድከም ችግር ሲገጥመው ቆይቷል። የዚህ ምድብ ዛፎች ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በሩትስቶኩ፣ ማለትም ሥሩን በሚሰጠው የታችኛው ተክል ነው። ለምሳሌ በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀለ ጣፋጭ ብርቱካን ትሪስቴዛ በተባለው የቫይረስ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል። በእርጥበታማው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ክፍል ደግሞ የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ ዋነኛ ችግር ነው። የእናት ዛፎችን ጤንነት መመርመርና ለጨዋማ አፈር የሚስማማ ሩትስቶክ መፈለግ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሆን መስክ ነው።

ሀገር በቀል ፍራፍሬዎች፦ ዶቅማ፣ ቁርቁራ፣ እንኮይ፣ ሾላ፣ ኮሽም፣ ዋንዛና በደኖ ከጥንት ጀምሮ በየአካባቢው፣ በተለይም በእረኞችና በሕፃናት ዘንድ፣ የሚበሉ ናቸው። በድርቅ ጊዜም ለምግብነት ያገለግላሉ። ዘራቸው እንዴት በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅል፣ በግራፍቲንግ ቶሎ ለፍሬ ማድረስ ይቻል እንደሆነና በንጥረ ምግብ ይዘት ከዛፍ ዛፍ ምን ያህል እንደሚለያዩ ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለ። መነሻውን ናይሮቢ ያደረገው የዓለም አግሮፎረስትሪ ማዕከል በአፍሪካ ሀገር በቀል ፍራፍሬዎች ላይ ሲሠራ የቆየ በመሆኑ የሥነ ዘዴ ልምድ ሊገኝበት ይችላል።

ጥናቱ የሚካሄድባቸው ተቋማት

በፍራፍሬ ምርምር ረገድ ተጠቃሽ ከሆኑት ተቋማት አንዱ በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ በ1969 የተቋቋመው ይህ ማዕከል የበርካታ የቆላና የወይና ደጋ ፍራፍሬዎች የዝርያ ስብስብ፣ የችግኝ ማባዣና የቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራ አለው። ቀደም ብለው የተተከሉና ማንነታቸው በመዝገብ የታወቀ ዛፎች ያሉት በመሆኑ ጊዜ ለሚያጥረው ተማሪ ተመራጭ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የወራሚት ማሳም በአማራ ክልል ለተመሳሳይ ሥራ ያገለግላል። የክልል የግብርና ምርምር ተቋማትም በየማዕከሎቻቸው የፍራፍሬ ማሳዎች አሏቸው።

ከዩኒቨርሲቲዎች መካከል ሐሮማያ፣ ጅማና ሐዋሳ በግብርና ድህረ ምረቃ የቆየ ልምድ አላቸው። ሐሮማያ ለሐረርጌና ለድሬዳዋ የፍራፍሬ አካባቢ፣ ጅማ ለደቡብ ምዕራቡ፣ ሐዋሳ ለሲዳማ የአቮካዶ አካባቢ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ለስምጥ ሸለቆው ማንጎና ለጨንቻው አፕል ቅርብ ናቸው።

ወደ ምርምሩ መግቢያ

ተማሪው በመጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው አማካሪ ጋር ርዕሱን ይወስናል። ቀጥሎ በምርምር ማዕከሉ ተባባሪ አማካሪ እንዲመደብለት የትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደብዳቤው ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የሚፈለገውን የዛፍ ብዛት፣ የጥናቱን ጊዜና ወጪውን የሚሸፍነውን ወገን ቢገልጽ ምላሹ ይፋጠናል። የአበባ ጥናት የሚያካሂድ ተማሪ ቢያንስ አበባው ከመውጣቱ ሦስት ወር በፊት ዝግጅቱን ማጠናቀቅ ይኖርበታል።

ከሀገር ውጭ ላለው ዕድል ተቀማጭነቱ ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ጥናት ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ በ1970 የተመሠረተው ይህ ተቋም በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሰፊ ሥራ ያለው ሲሆን ለአፍሪካውያን የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ሥልጠና ይሰጣል። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና አቅም ግንባታ መድረክ የሆነው ሩፎረምና የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ፣ የሚያወጧቸውን ማስታወቂያዎች መከታተልም ይመከራል።

በዚህ ረገድ ሊዘነጋ የማይገባው የሕግ ጉዳይ አለ። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብትን ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህም የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ማነጋገር ይገባል። ቀንበጥ፣ ዘር ወይም ችግኝ ከውጭ ማስገባትም የኳራንታይን ፈቃድ ይጠይቃል። በሻንጣ ተደብቆ የሚገባ አንድ ቀንበጥ ሀገሪቱ የማታውቀውን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

የተማሪው ጥናት መሳካት በተማሪው ትጋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የሚከተሉት ተግባራት በየደረጃው ያሉ መሥሪያ ቤቶች ያለ ብዙ ወጪ ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ የችግኝ መዝገብ መያዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከደን ዛፎች ጎን ለጎን የፍራፍሬ ችግኞች ተከላንም ያካትታል። እያንዳንዱ የችግኝ ጣቢያ የሚያሠራጨውን ችግኝ ዝርያ፣ የእናቱን ዛፍ ቦታ፣ የሩትስቶኩን ዓይነት፣ የተሠራጨበትን ቀንና ቀበሌ ቢመዘግብ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ የትኛው የት እንደተሳካ ለማጥናት ይችላል። መዝገቡ ከሌለ ግን ዛፉ ቢኖርም ማንነቱ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ የጥያቄዎች ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ አርሶ አደሮች ደጋግመው የሚያነሷቸውን የፍራፍሬ ችግሮች ዘርዝረው በአቅራቢያቸው ላለው ዩኒቨርሲቲ ቢልኩ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ርዕስ ከመምረጥ ይድናሉ።

ሦስተኛ፣ የበጀት አለቃቀቅን ከዛፉ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ማጣጣም ነው። ለጥናቱ የተመደበው ገንዘብ አበባው ረግፎ ካለቀ በኋላ ከተለቀቀ ገንዘቡ ቢኖርም ጥናቱ የለም፤ ተማሪው ወይ አንድ ዓመት ይጠብቃል፣ ወይ ርዕሱን ይለውጣል። የፋይናንስና የግዥ የሥራ ሂደቶች ይህን ተገንዝበው የመስክ ጥናት ክፍያዎችን በቅደም ተከተል ሊያስቀድሙ ይገባል።

አራተኛ፣ ማሳውን መጠበቅ ነው። ለአሥር ዓመታት የተመዘገበ ዛፍ ለግንባታ ወይም ለሌላ ተከላ ሲባል በአንድ ቀን ቢቆረጥ ጠፍቶ የሚቀረው ግንዱ ብቻ ሳይሆን መዝገቡም ጭምር ነው። ለረጅም ጊዜ ጥናት የተለዩ ማሳዎች በካርታ ተለይተው ሊታወቁ ይገባል።

አምስተኛ፣ ውጤቱን መቀበል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ መቀመጡ ተገቢ ቢሆንም አርሶ አደሩ ዘንድ አይደርስም። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ዋና ዋና ውጤቶቹን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ በአካባቢው የሥራ ቋንቋ አዘጋጅቶ ጥናቱ ለተካሄደበት ወረዳ እንዲያስረክብ ቢደረግ የልማት ሠራተኛው የሚያስተምርበት ሰነድ ያገኛል። ዛፉን ለጥናት የፈቀደው አርሶ አደርም በጓሮው የተገኘውን ዕውቀት የማወቅ መብት አለው።

በአጠቃላይ የፍራፍሬ ዛፍ ከሚተክለው ሰው የሥራ ዘመን በላይ ሊኖር የሚችል ሀብት ነው። ተማሪው በሁለት ዓመት ይመረቃል፤ ኃላፊውም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ዛፉ ግን በቦታው ይቆያል። በመሆኑም በዘርፉ የሚደረገው ጥረት ውጤት የሚያስገኘው ዛፉ በመዝገብ፣ መዝገቡም ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ሲተላለፍ ነው። ይህን ቅብብሎሽ የማስቀጠሉ ኃላፊነት ከማንም በላይ በቦታው ጸንተው በሚኖሩት መሥሪያ ቤቶች ላይ የወደቀ ነው።